በሲሃም ስም

ሲሃምን ሥራ ያስጀመርኳት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ቅናቱ ከየት እንደ ተነሳ እንዲገባችሁ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ አሥራ አራቱን እዚሁ ላፍቶ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለች አንዲት የግል ትምህርት ቤት። ሲሃም ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣች ስትመጣ ጠመኔ የያዘ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ከክፍሏ ኋላ እየተቀመጥኩ አርሜያታለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ "ቲቸር ከበበው" ሲለኝ እሷ "ጋሽ ከበበው" ነበር የምትለኝ። ደስ ይለኝ ነበር።

መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ተብሎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ "ለአሥራ አምስት ቀን ነው" ተባልን። አሥራ አምስቱ ቀን ሰባት ወር ሆነ። እኔ ለቡ መብራት ኃይል ቤቴ ተቀመጥኩ። ጧት ጧት እንደ ልማዴ ሸሚዜን እለብሳለሁ፣ ከዚያ የት እንደምሄድ ይጠፋኛል። ቀን እተኛለሁ። አስተማሪ ተማሪ ከሌለው ምንድን ነው? ልጄ ክብረት በእኛው ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ እሷን እንኳ ላስተምራት ስቀመጥ "አባ፣ ገብቶኛል" እያለች ትነሳብኛለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከክፍሏ ሳቅ ሰማሁ። ከሳቁ ጋር የሴት ድምፅ አለ።

"እሺ ውዶቼ፣ ኤክስ ቤቱ ይቀመጥ። ሌላው ሁሉ ድንበር ይሻገር። ድንበር የተሻገረ ደግሞ ማስኩን ይቀይራል፤ ፕላስ የነበረው ማይነስ ይሆናል!"

በሩን ከፈትኩት። "ምንድን ነው እሱ?"

"ቲቸር ሲሃም ናት፣ አባ። ቴሌግራም ላይ ታስተምረናለች። አልሰማህም እንዴ? ከሌላ ትምህርት ቤት ሁሉ ገብተዋል፤ ሁለት ሺህ ሰው ደርሰናል።"

ሁለት ሺህ። እኔ በሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኳቸው ሁሉ ቢደመሩ ስንት እንደሚሆኑ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ማስላት ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ልጄ ስትተኛ ወይም ሱቅ ስትላክ ስልኳን እያነሳሁ ማየት ለመድኩ። የሲሃም ፊት አይታይም። አንድ ወረቀት፣ አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶና እጇ ብቻ። ያ ይንቀጠቀጥ የነበረ እጅ አሁን ቀጥ ብሎ ይጽፋል። ስህተት ፍለጋ ነበር የማየው። በሦስተኛው ሳምንት አገኘሁ፤ አንድ ማይነስ ዘልላለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለማን እንደምናገር ሳስብ አደርኩ። በማግሥቱ ራሷ "ትናንት አንዲት ማይነስ አምልጣኛለች፣ ማን አያት?" ብላ ስትስቅ ልጆቹ ከበፊቱ የባሰ ወደዷት።

ጥቅምት ላይ ትምህርት ሊከፈት ነው ተባለ፤ መጀመሪያ የሚመለሱት ፈተና ያለባቸው የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ትምህርት ቤቱ ዝግጁ መሆኑን የሚያይ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ብርነሽ፣ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ የሆንኩት እኔ፣ እና ሲሃም።

ሲሃም ግቢውን ዞራ፣ በደብተሯ ጽፋ መጣች።

"ከአራቱ ቧንቧ የሚሠራው አንዱ ነው" አለች። "ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ያለችን ሮቶ አንድ ናት። መቶ አሥር ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ እጁን ቢታጠብ በአንድ ቀን ተኩል ታልቃለች። መስኮቶቹም ሌባ ከገባ ወዲህ በሚስማር እንደ ተመቱ ናቸው፤ አየር አይገባም። ሁለተኛ ሮቶ እስኪመጣና መስኮቶቹ እስኪከፈቱ ሁለት ሳምንት ብንቆይስ?"

ስሌቱን በልቤ ደገምኩት። ትክክል ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው።

"ቤት ቁጭ ብሎ ለስልክ ማስተማር የለመደ ሰው" አልኩ ወደ ብርነሽ ዞሬ፣ "ክፍል መግባት ቢከብደው አይገርምም።"

ሲሃም ደብተሯን ዘጋች።

ብርነሽን የትምህርት ቤቱ ባለቤቶች መቼ ነው የምትከፍቺው እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተዋታል። የማረጋገጫውን ቅጽ ወደ እኔ ገፋችው። "ከበበው፣ ከሁላችንም ብዙ የቆየኸው አንተ ነህ እዚህ ቤት። ምን ትላለህ?" ቅጹ ላይ "በቂ ውሃ አለ" የሚል መስመር ነበር። በዚያ ቀን ጧት ውሃ መጥቶ ሮቷ ሞልታለች። ምልክት አደረግሁና ፈረምኩ። ሲሃም አልፈረመችም። የእኔና የብርነሽ ፊርማ በቃ።

ቅዳሜ ወላጆች ተጠሩ። የፕላስቲክ ወንበሮች ተራርቀው ግቢው ውስጥ ተደረደሩ። ሲሃም አልመጣችም፤ ስኳር ያለባቸው እናቷ ታመውባት ሐኪም ቤት ይዛቸው ሄዳለች። እኔ ማይክራፎኑን ይዤ ስለ ማስክ፣ ስለ ርቀት፣ በአንድ ዴስክ አንድ ልጅ ስለ መቀመጡ ተናገርኩ። በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዝም ብሎ ሰማኝ።

አቶ ሸምሱ እጁን አውጥቶ ተነሳ። ሀይሌ ጋርመንት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ ልጁ ሙፊዳ ከክብረት ጋር ነው የምትማረው።

"እኔ ቤት አባቴ አለ" አለ። "ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ሙፊዳ ከጎኑ አትጠፋም። ቲቸር፣ እርስዎ የራስዎን ልጅ ይልካሉ?"

"እልካለሁ" አልኩ።

ወላጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደረቴ ሞላ። ሸምሱ ግን አልተቀመጠም።

"ቲቸር ሲሃምስ? እሷ ምን አለች?"

ሃያ ስድስት ዓመት እዚያች ጥያቄ ላይ ወደቀ። ልጄን እልካለሁ ያልኩት አልበቃውም። የግቢው ዓይን ሁሉ እሷ ምን እንዳለች ለመስማት እኔን ያያል።

"እሷም ተስማምታለች" አልኩ።

ሸምሱ ተቀመጠ። "እሷ ካለች እሺ" ሲል ሰማሁት።

በመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ልጆቹ ማስካቸውን አድርገው፣ በየዴስኩ አንድ አንድ ሆነው ተነሱ። ሰሌዳው ላይ አንድ ቀመር ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ልቤ እንደ አዲስ አስተማሪ ይመታል። ገና ሁለት መስመር ሳልሄድ ሙፊዳ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ቲቸር ሲሃም ይሄን በአጭሩ አሳይታን ነበር።"

"ነይ አሳዪን።"

ወጥታ በሦስት መስመር ጨረሰችው። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ክብረትም አጨበጨበች። ዳስተሩን አንስቼ ሁሉንም አጠፋሁና "አሁን በትክክለኛው መንገድ እንሥራው" አልኩ። ሁለቱም መንገድ ትክክል እንደሆነ ልጄ ታውቃለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ውሃው አለቀ። አንድ ቀን ተኩል፤ ልክ እንዳለችው። ዘበኛው ጉርሜሳ በጀሪካን ከጎረቤት ያመላልስ ጀመር፤ የሚደርሰው ግን ለመጸዳጃ ቤቱ እንኳ አልበቃም። ልጆቹ ደረቅ ቧንቧ ጠምዝዘው፣ እጃቸውን በዩኒፎርማቸው ጠርገው ይገባሉ። ሲሃም ከቤቷ ሳኒታይዘር እያመጣች በየበሩ ስትቆም አያለሁ። "ለታይታ ነው" እል ነበር በሆዴ።

በሁለተኛው ሳምንት ሙፊዳ ቀረች። ተመርምራ ኮሮና ተገኘባት። እሷን ከሦስት ቀን ትኩሳት በላይ አላስቸገራትም፤ አያቷ ግን ትንፋሽ አጥሯቸው ሕክምና ማዕከል ገቡ። ከየት እንደያዛት ማንም አያውቅም። ሸምሱ ራሱ በቀን ከስንት ሰው ጋር ይነጋገራል። እኔም ይህንን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደ ነገርኩት አልቆጠርኩም።

ክፍሉ ለአሥራ አራት ቀን ወደ ቤት ተመለሰ። እኛ አስተማሪዎቹ ቢሮ እንዳለን ሸምሱ መጣ። በሩ ላይ ሲሃምን አገኛት።

"አንቺን አምኜ ነው እኮ!" አላት። ድምፁ ይሰበራል። "ቴሌግራም ላይ በየቀኑ ስትመክሪያቸው እሰማለሁ። ይቺ ልጅ ሳታረጋግጥ አትናገርም ብዬ ነው ልጄን የላክሁት። አባቴ አሁን በኦክስጅን ነው!"

ሲሃም ግራ ገባት። ስለ የትኛው ቃል እንደሚናገር አታውቅም። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። አሁን የምናገረውን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም፤ ጣፈጠኝ። ወላጅ ፊት ለፊት ሲቆጣት ማየት ለአንድ አፍታ እንደ ማር ጣፈጠኝ።

ሲሃም "እኔ አላልኩም" ማለት ትችል ነበር። ሰውዬውን አየችው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ማስኩ ከአገጩ ሥር ወርዷል።

"አባባ እንዴት አደሩ?" አለችው። "አላህ ያሽራቸው፣ አቶ ሸምሱ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ሸምሱ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ማሩ አፌ ውስጥ መረረ። ባልበደለችው ይቅርታ ጠየቀች፤ የበደልኩት እኔ አፌን ዘግቼ ቆሜያለሁ። የሚገርመው በዚህም ቀናሁባት።

በማግሥቱ ሀይሌ ጋርመንት ወረድኩ። ሸምሱ ከመደርደሪያው ኋላ የዘይት ፊልትሮ ይዞ ቆሟል።

"ያን ቅዳሜ ሲሃም አልተስማማችም ነበር" አልኩት። "እንዲያውም ይቆይ ነው ያለችው። በስሟ የተናገርኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ምክንያት ነበረኝ፤ "አልተግባባንም" ልለው ነበር። አልወጣ አለኝ።

"ቀንቼ።"

"በማን?"

"በእሷ።"

ፊልትሮውን አስቀመጠ። እስከዚያ ሰዓት "እርስዎ" ይለኝ ነበር። "በዚህ ዕድሜህ?" አለኝ።

"በዚህ ዕድሜዬ።"

ገና ወደ ገባ ደንበኛ ዞረና "ምን ልስጥህ?" አለው። ዳግመኛ አላየኝም። ጥቂት ቆሜ ወጣሁ።

ሲሃምን አስተማሪዎች ክፍል አገኘኋት። ስነግራት አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ግን እንደ ትናንቱ ለስላሳ አልነበረችም።

"እኔ እኮ የተናገርኩት ስለ ውሃ ነው" አለች። "ስለ እርስዎ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እኔ እናቴን ደግፌ ወረፋ ስጠብቅ፣ እርስዎ እዚህ ስሜን ይዘው ይናገሩበት ነበር።"

"ይቅርታ፣ ሲሃም።"

"ለእኔ ብቻ አይበቃም። በማይክራፎን ነው የተናገሩት፤ በማይክራፎን ይመልሱት።"

መለስኩት። ወላጆች እንደገና ሲጠሩ፣ ያ ቅጽ ላይ ስላደረግሁት ምልክትና በሲሃም ስም ስለ ተናገርኩት ውሸት፣ ወረቀት ላይ ጽፌ አነበብኩ። ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻል ነበር። ብርነሽ የክፍል ኃላፊነቱን ከእኔ ወስዳ ለሲሃም ሰጠች፤ ስለ ራሷ ፊርማም ለወላጆቹ ተናገረች። ሁለተኛ ሮቶ መጣ። ጉርሜሳ ፒንሳ ይዞ የመስኮቶቹን ሚስማር አንድ በአንድ ነቀለ።

ያን ወረቀት ያነበብኩ ቀን ከልጄ ጋር በታክሲ ስንመለስ፣ በመካከላችን ባዶ ወንበር አለ፤ የዚያን ጊዜ ሕጉ እንዲያ ነበር። ክብረት ወደ እኔ ዞራ፣

"አባ፣ ቲቸር ሲሃምን ለምንድን ነው የምትጠላት?" አለችኝ።

"አልጠላትም።"

"ታዲያ?"

"እሷ ስታስተምርሽ ትስቂያለሽ። እኔ ሳስተምርሽ ስቀሽ አታውቂም።"

አሰበችበት። "አንተ እኮ አታስቅም፣ አባ" አለችኝ፤ ክፋት የለበትም፣ እንደ ሒሳብ መልስ ነው የነገረችኝ። ከዚያ የስምንተኛ ክፍል ፈተናውን ደህና አድርጋ አለፈች። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኋትም።

ሲሃም በሥራችን አትበድለኝም። ክፍል ስታከፋፍል ያው የሚገባኝን ትሰጠኛለች። "ጋሽ" የሚለው ግን ቀረ፤ እንደ ሌላው ሰው "ቲቸር ከበበው" ነኝ።

የሸምሱ አባት በአሥራ አንደኛው ቀን ከሕክምና ማዕከሉ ወጡ። ጥር ላይ በላፍቶ በኩል ሳልፍ ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አየኋቸው። ከስተዋል፤ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አልፌ ልሄድ ብዬ እግሬ እምቢ አለኝ። ራቅ ብዬ ቆሜ ሰላም አልኳቸው። አላወቁኝም።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ።

"አስተማሪ ነኝ፣ አባባ። ሙፊዳ ትምህርት ቤት።"

"ሙፊዳ!" ፊታቸው በራ። "ሒሳብ ላይ አንደኛ ናት አሉኝ። ማን አስተማራት?"

"ቲቸር ሲሃም" አልኩ።

"አላህ ይስጣት። አላህ ዕድሜ ይስጣት።"

"አሜን" አልኩ። ልሄድ ዞሬ አላስቻለኝም፤ ተመለስኩና "እኔም አስተምሬያታለሁ" አልኳቸው።