የቀለለው ፕላስቲክ

የቤተ ሙከራውን ኃላፊ «ሚዛን» ይሉታል፤ ከሚዛን በቀር የሚያምነው ዘመድ የለውም። የዛሬው አገባቡ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ፊቱን አጨፍግጎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

ተመራማሪዋ ስሷን ፕላስቲክ ከትኩሱ ፈሳሽ ውስጥ በወረንጦ አወጣች። እሷና ታናሽ ወንድሟ ተራ ፕላስቲክ በጨረር ቀስቅሰው ሌላ ሞለኪውል ያበቀሉበት፣ አሲድም ያጠጡት ነው። ከሃይድሮጅን መብራት በሚያወጣው ፊውል ሴል መሃል ሊገባ ታስቧል። እዚያ ውስጥ ደግሞ ፕላስቲክ የሚበላ ኬሚካል ሞልቷል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ብረት ጣል በተደረገበት ትኩስ ፐሮክሳይድ ውስጥ ይፈተናል። ከዚህ ጉድ ካልተረፈ ልፋታቸው ሁሉ ገደል ገባ፣ ክፍሉም ለሌላ ቡድን ይሰጣል።

አድርቀው መዘኑት።

«ቀሏል» አለ ሚዛን። «ተበልቷል። በቃ፣ ዕቃችሁን ሰብስቡ!»

ወሽመጧ ብጥስ አለ። ግን ደግሞ የተበላ ፕላስቲክ ሲያጥፉት እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰነጠቃል። አጠፈችው። ምንም አልሆነም። እንደገና አጠፈችው። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? ዞር ስትል ወንድሟ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«አንተ! መጀመሪያ አጥበኸዋል?»

«እታለም... ቸኩዬ ነበር። ማሟሚያው ፈሳሽ ውስጥ አላሳደርኩትም፤ በውሃ ለቅለቅ ብቻ።»

ጥፊዋን ከመንገድ መለሰችው። «ምን ዓይነት ቀልቃላ ነህ! ከፕላስቲኩ ጋር ያልተያያዘው የሞለኪውል ትርፍራፊ እኮ ነው የወጣው! ፕላስቲካችን አልተበላም!»

«እኔ ወሬ አልመዝንም» አለ ሚዛን።

«እሱኑ መልሰን እንክተተው። ትርፍራፊው አልቋል። አሁንም ከቀለለ ኬሚካሉ እየበላው ነው፤ ያኔ ዕቃዬን ራሴ እሰበስባለሁ።»

ካለችው በኋላ ደነገጠች፤ አፏ ቀድሟት ነበር። መልሰው ከተቱት። ወንድሟ ምሳውን ትቶ ቴርሞሜትሩ ላይ ተተከለ። እሷ መቀመጥም መቆምም አቃታት።

ከሰዓት በኋላ አጥበው፣ አድርቀው አቀረቡት። ሚዛን መዘነ። አንስቶ ሳህኑን ጠርጎ መልሶ መዘነ። መስኮቱንም ዘግቶ ሞከረው። ቁጥሩ ያው የጠዋቱ ነው፤ ንቅንቅ የለም!

«እልልል!» አለች ሳይታወቃት። ወንድሟን አንገቱን አንቃ ሳመችው፤ ደስታ ሊገድላት ነው።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ፊውል ሴሉን ክፈቱ እንጂ!» አለ ሚዛን።

መፍቻውን አነሳች፤ ከችኮላዋ ጣለችው። ወንድሟም አንስቶ ጣለው። ሚዛን ከወለሉ ለቀመውና ኮቱን አውልቆ፣ ተንበርክኮ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ።