በየቀኑ የሚለኩት ችግኞች

በምርምር ጣቢያው ሁሉም ሰው "ማስመሪያ" ነው የሚላት፤ ያለ ማስመሪያ ታይታ አታውቅማ። አራት ዓመት ሙሉ፣ ድርቅ ይችላል ብላ ያዳቀለችውን የቲማቲም ዝርያ እንደ ዓይኗ ብሌን ስትጠብቅ ኖራለች። ጠዋት ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ችግኞቹን አንድ በአንድ ከሥር እስከ ጫፍ ዳበስ አድርጋ፣ ቀና አድርጋ ይዛ ትለካለች። ምን ያደርጋል፣ ድንክ ናቸው። ወር ሞልቷቸው አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር። ባልደረባዋ በስንት ቀን አንዴ ዞር ብሎ የሚያያቸው የድሮው ዝርያ ችግኞች ደግሞ ሃያ አልፈዋል።

አለቃዋ ዶክተሩ ፈርዷል። "ዝርያሽ የሚያስረዝመውን ሆርሞን ራሱ መሥራት አልቻለም። ሐሙስ እናስወግደዋለን።"

ነገሩ አልዋጥላት አለ። ሆርሞኑን ስትረጭላቸው ብድግ ይላሉ፤ እሺ፣ ዶክተሩ ልክ ነው እንበል። ግን የተዳቀሉባቸው ሁለቱም ዝርያዎች ረጃጅም ናቸው፣ ታዲያ ይሄ ድንክነት ከየት መጣ? ከፍርዱ በፊት ባሉት ወራት አፈር ቀይራለች፣ ውሃ አስመርምራለች፣ አምፖል አዟዙራለች። ወይ ፍንክች! ግራ ሲገባት ጊዜ ከሰዓትም መለካት ጀምራ ነበር። ቀጥሎ የዘራቻቸው ይባስ ብለው አጠሩ።

ረቡዕ ዕለት ውሃ አጠጪው ጋሼ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ፀሐይ ከሚመታው ጥግ፣ ቀን የተጻፈበት አንድ የችግኝ ሳጥን ጎትተው አወጡ።

"ልጄ፣ ይሄ ያንቺ ጽሕፈት አይደለም?"

የእሷ ነው። ያው ዘር፣ ያው ቀን፤ ጠረጴዛው ሲሞላባት እዚያ አስቀምጣ የረሳችው። ችግኞቹ ሃያ አራት ሴንቲሜትር ይሆናሉ።

"ምን አደረጉላቸው ጋሼ?"

"ምን አደርጋለሁ፣ ውሃ ነዋ።"

"ሌላስ?"

"ኧረ ምንም። በእጄም ነክቻቸው አላውቅ።"

ማስመሪያ ጣቶቿን አየች፤ ሳሙና የማያስለቅቀው የቲማቲም አረንጓዴ ተጣብቆባቸዋል። ተክል በየጊዜው ሲነካ ነፋስ የመታው ይመስለዋል፤ የሚያስረዝመውን ሆርሞን ይቀንስና ግንዱን ያደነድናል። ይህንን እኮ ተማሪ ሳለች ለፈተና በቃሏ ይዛው ነበር።

ሳጥኑን ታቅፋ ዶክተሩ ቢሮ ገባች። ሁሉንም ነገረችው።

"እንግዲያው ዝርያው ጤነኛ ነው፣ አይጣልም" አለ ዶክተሩ፣ ሳጥኑን እያየ። ቀጥሎም፣ "የአራት ዓመቱ መዝገብሽስ?"

"እሱ የለካው የእኔን እጅ ነው" አለች። ትሳቅ ወይ ታልቅስ አላወቀችም። ዝርያዋ ተረፈ፣ ልፋቷ ግን ገደል ገባ፤ ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ መያዝ እንደሚቻል የሚነግራት የለም።

"እንደገና ዝሪ" አላት። "እስኪያፈሩ ድረስ ግን አትንኪያቸው።"

አዲሶቹ የበቀሉ ዕለት ማስመሪያዋን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ፣ ሁለት እጇን ካፖርቷ ኪስ ከትታ ፊታቸው ቆመች። አንዷ ችግኝ ዘንበል ብላለች። ቀና ሳያደርጓት እንዴት እንደሚወዷት ግራ ገብቷት እዚያው ቆማ ቀረች።