የታጠበው ሽርጥ

ኤውሴቢዮ በጂባራ ከተማ ፍሪሜሶኖች የሚባለውን የምስጢር ማኅበር ቤት ቅርስ ሲጠብቅ ሠላሳ ዓመት ሆነው። ከባሕሩ የሚመጣውን እርጥበትና ምስጡን ሲታገል አረጀ። ከሁሉ አብልጦ የሚሳሳለት፣ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር የታጠቁት የበግ ቆዳ ሽርጥ ነበር። ስድስቱ መሥራቾች ከጀርባው ስማቸውን በቀለም ጽፈዋል። የጥንቱ መዝገብ ስለተቃጠለ ስማቸው ሌላ የትም አይገኝም።

ማኅበሩ በሚያከብረው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዋዜማ የሽርጡን ሣጥን ቢከፍት ባዶ ነው። ወደ ጓሮ ሲወጣ ሽርጡ እንደ ቋንጣ ደርቆ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። የማኅበሩ ወንድም ኖርቤርቶ አጠገቡ ቆሞ ሥራውን ያደንቃል።

«አንተ ሰው፣ ምን አደረግህ?»

«አጠብኩታ። በሳሙና አልለቅ ቢለኝ በረኪና ጨመርኩበት። ሽርጣችንን ላናሳድፍ ምለን የለም እንዴ? ይሄ እኮ የዓሣ አጥማጅ ሸራ መስሎ ነበር።»

«ሽርጡ ምሳሌ ነው፤ አታሳድፍ የተባልከው ኑሮህን ነው! ቆዳውን ማን አለህ?»

«ነጭ ሆኖ ለነገ ደረሰልህ፤ ደግሞ ትቆጣለህ።»

ኤውሴቢዮ ሽርጡን ገለበጠው። ከቀለሙ ምልክት እንኳ አልቀረም። ሳይረሳ ለመጻፍ ወረቀትና እርሳስ አውጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አምስቱን ስም ጻፈ። ስድስተኛው አልመጣ አለው።

«ስድስተኛው ማን ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ በምን ልወቅ? እንዳይበላሽ እያልክ ለማን አሳይተህ ታውቃለህ?» አለው ኖርቤርቶ።

ኤውሴቢዮ እርሳሱን እንደያዘ ባዶውን መስመር ሲያይ ቆየ።