ግማሹ መንገድ

ጫማ ሰፊ ሁሉ «ነገ ና» ባይ ነው እየተባለ ይታማል። የኮቴ አባት ግን ከዚህ ሐሜት ነፃ ነበር። ማክሰኞ ካለ ማክሰኞ ነው። ዝናብ ቢጥል፣ መብራት ቢጠፋ፣ ወገቡን ቢቆርጠው፣ የሰው ጫማ በቀጠሮው ቀን ተወልውሎ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። በዚህ ዓለም ላይ ቀጠሮ ያፈረሰባት አንዲት ደንበኛ ብትኖር የገዛ ልጁ ነበረች። እሷን አምስት ዓመት ሙሉ «ይደርሳል» እያለ አቆይቷታል።

የሚደርሰው ቡት ጫማ ነው፤ ረጅሙን መንገድ የምትሄድበት። ረጅሙ መንገድ ከባሕሩ ዳር ይነሳና ጫካ አቋርጦ፣ ተራራ ወጥቶ፣ ከተራራው ማዶ ያለው ትልቁ ሐይቅ ላይ ያበቃል። መኪና አይገባበትም። ድንጋዮቹ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት ተቀብቷል፤ እሱን እየተከተለ ለሚሄድ ሰው መቶ አሥር ቀን ይፈጃል። መጀመር የሚቻለው ዝናቡ ካባራ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ የዘገየ ሰው ተራራው ላይ በረዶ ይቀበለዋል። ኮሌጅ የሚከፈተውም፣ እንደ ተመካከሩ ሁሉ፣ በእነዚያው ሳምንታት ነው።

በዚህ መንገድ ያስለከፋት ማን ሆነና? እሱ ራሱ ነው። በሃያ ዓመቱ የምሕንድስና ተማሪ ሳለ ደብተሩን ዘግቶ ከባሕሩ ተነሳ። ሃምሳ አምስት ቀን ተጉዞ ተራራው ግርጌ ካለች መንደር ሲደርስ የሁለቱም ጫማው ሶል ተገንጥሎ ወደቀ። ከአንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ቤት ገባ። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ቁጭ ከማለት ብሎ መዶሻ አነሳ። በማግሥቱ ዝናብ፣ ከዚያ በረዶ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት። ወደ ኮሌጅም አልተመለሰ፣ መንገዱንም አልጨረሰ። «ጫማዬን ላሠራ ገብቼ ጫማ ሠሪ ሆኜ ወጣሁ» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል።

ልጅ ሳለች አልጋዋ ግርጌ ተቀምጦ ማታ ማታ ያንን ሃምሳ አምስት ቀን ይተርክላት ነበር። በሦስተኛው ቀን በገመድ የሚሻገሩት ወንዝ አለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በሯ የማይዘጋ ማደሪያ ጎጆ አለች። ይህን ሁሉ እንደ እጇ መዳፍ ታውቀዋለች። «ከመንደሯ በኋላስ፣ አባዬ?» ስትለው ግን እጁ ላይ ያለውን ክር እያየ «ከዚያ በኋላማ እኔ ምን አውቄ» ይላታል።

ታዲያ ለምን ከሱቅ ቡት ገዝታ እብስ አትልም? አትችልም። በሰባት ዓመቷ ከደረጃ ወድቃ ግራ እግሯ ተሰብሮ ነበር፤ ሲድን አጠር፣ ሰፋ ብሎ ዳነ። የሱቅ ጫማ ግማሽ ቀን ካደረገችው ያደማታል። አረማመዷም ከዚያ ወዲህ አንዱ ቀለል፣ አንዱ ጠበቅ ነው፤ አባቷ ከደረጃው ሥር ሆኖ ድምፁን ስለሚለየው «ኮቴ» ብሎ ስም አወጣላት። ኮቴ የምትጫማው አንድ ሰው የሠራውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጠበቀች። ፋርማሲ ልትማር ኮሌጅ በገባችበት ዓመት «ቆዳው ጥሩ አልመጣም» አላት። በሁለተኛው ዓመት የእንጨት ቅርጹ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው የሆስፒታል ልምምድ መጣ፤ በአራተኛው ከዚያ ተርፎ የቀረ ሌላ ልምምድ። በአምስተኛው የሙያ ፈቃድ ፈተና። መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ በእርሳስ የተሠራ የቀን ሠንጠረዥ ለጥፋ ነበር፤ በላጲስ ከመፋቁ ብዛት ወረቀቱ እዚህም እዚያም ተበስቷል። አብራት ልትሄድ የማለችው ጓደኛዋ አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች። ባለፈው መንገድ ላይ ተገናኙና ሕፃኑን ከአንድ ጎን ወደ ሌላው እያዛወረች «በይ እንግዲህ፣ የእኔንም ድርሻ እንቅፋት አንቺው ቅመሺልኝ» አለቻት። ሳቁ። ኮቴ ግን ቤቷ እስክትደርስ ሆድ ባሳት።

እነሆ ዘንድሮ ተመረቀች። ፈተናውን አለፈች። ልምምድ የሠራችበት ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ቀጠራት። ሰው ደስ ሲለው እሷ ሠንጠረዧን ነቅላ ይዛ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ገባች። ኃላፊዋ ኪኒን እየቆጠሩ ከሰው ጋር ማውራት የሚችሉ፣ ቁጥር ተሳስተው የማያውቁ ሴትዮ ናቸው።

«አራት ወር ቢሰጡኝ ብዬ ነበር» አለች።

«ታመሻል?»

«አልታመምኩም። መንገድ ልሄድ ነው።»

«የት?»

«የትም አይደለም። በእግሬ ነው።»

ኃላፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «እኔም በአንቺ ዕድሜ ዋና ልማር ነበር» አሉ። እንደገና ወደ ኪኒናቸው ተመለሱ። «ሁለት ወር። አንድ ቀን ብታሳልፊ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ።»

ሁለት ወር ግማሽ መንገድ ነው። ግማሽም ቢሆን መንገድ ነው። በሩጫ ወርዳ ለአባቷ ነገረችው። «ከሃያ ቀን በኋላ እነሳለሁ። ዘንድሮ ካልሄድኩ መቼም አልሄድም፤ ከዚህ በኋላ ያለው የዓመት ፈቃድ ሁለት ሳምንት ነው። ጫማውስ?»

«ይደርሳል» አላት።

አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። ስምንት ቀን ሲቀር አባቷ ቆዳ ሊገዛ ወጣና እሷ ሱቅ ጠበቀች። ፈገግ የማይሉ አንዲት ርእሰ መምህርት ጫማቸውን ሊወስዱ መጡ። መስኮቱ ሥር የለም። መደርደሪያው ላይም የለም። «ዛሬ ብሎኛል፤ እሱ ካለ አለ» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ኮቴ በርጩማ ላይ ወጥታ ላይኛውን መደርደሪያ ማሰስ ጀመረች። እዚያ የደንበኞች እግር በካርቶን ላይ ተስሎ፣ ቀን ተጽፎበት፣ በሲባጎ ታስሮ ተደርድሯል። አባቷ ከሦስት ዓመት ያለፈ ልክ አይጠቀምም፤ እግር ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይሰፋል ባይ ነው። ከካርቶኖቹ ጀርባ እጇ የተጠቀለለ ጨርቅ ነካ። የርእሰ መምህርቷ ጫማ መስሏት አወረደችው።

ቡት ጫማ ነው። ጠቆር ያለ ቡናማ፣ በሰም የጠገበ፣ ስፌቱ ከመጠጋጋቱ የተነሳ መርፌ የነካው የማይመስል። ግራው ከቀኙ አጠር፣ ሰፋ ያለ።

የርእሰ መምህርቷ ጫማ በኋላ ወንበራቸው ሥር ተገኘ። ወስደው ሲሄዱ ኮቴ በወጉ እንኳን አልተሰናበተቻቸውም። አባቷ ሥራ ሲጨርስ ከጫማው ምላስ ውስጥ በእርሳስ ቀኑን ይጽፋል፤ ይህ ልማዱ ነው። ምላሱን ገልጣ አየች። «ለኮቴ» ይላል። ከሥሩ ቀኑ አለ። ኮሌጅ ከመግባቷ ሦስት ቀን በፊት የተጻፈ ነው፤ አምስት ዓመቱ።

ክው አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ እግሯን አስገባች። ቀኙ እንደምንም ገባ። ግራው መሐል ላይ ያዘ። ላብራቶሪ ውስጥ፣ መድኃኒት መስጫ መስኮት ላይ፣ አምስት ዓመት የቆመችበት እግር ሰፍቷል። ገፋችው፣ ሳበችው፣ እምቢ አላት። ያን ጊዜ አለቀሰች።

አባቷ ጥቅል ቆዳ በብብቱ ይዞ ሲገባ አንድ እግሯ ቡት ውስጥ፣ አንዱ ባዶ ሆኖ አገኛት። ቆዳውን አስቀመጠ። በሩን ከውስጥ ዘጋ። በቀን ሱቁን ሲዘጋ አይታው አታውቅም።

«ደርሶ ነበር እኮ» አለችው።

«ደርሶ ነበር።»

«ብሄድ አልመለስም ብለህ ነው?»

«እኔ መቼ ተመለስኩ?»

«እኔ አንተ አይደለሁም!»

«እሱን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው» አለ። የሽርጡን ጫፍ ጠቅልሎ ያዘ። «ትምህርትሽን እንዳትተዪብኝ ፈራሁ። ጥፋቴ እሱ ነው። በሁለተኛው ዓመት ልሰጥሽ አውርጄው ነበር። ግን ቀኑ ተጽፎበታል። ይሄን ያህል ለምን ደበቅከው ብትዪኝ ምን እላለሁ?»

«በእርሳስ ነው የተጻፈው። ማጥፋት ትችል ነበር።»

«የጻፍኩትን ቀን አጥፍቼ አላውቅም» አለ፤ የዓለም ሁሉ ጥፋት ይቅር ሲባል ይሄ አንዱ ብቻ የማይባል ይመስል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በላጲስ አንዴ ጠረግ አድርጎ ልጁን በደስታ ያሰናብት ነበር። እሱ ግን ቀን ከሚያጠፋ ዓመት አጠፋ።

«አዲስ ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጅብሃል?» ስትል ድምጿ ቀዝቅዞ ነበር።

«ሃያ።»

«ስምንት ነው ያለኝ።»

ካርቶን አምጥቶ መሬት ላይ አነጠፈ። «እግርሽን አምጪ» አላት። ልታምጽ አሰበችና አመጣች። ተንበርክኮ በእርሳስ ዙሪያውን ሳለው። ከአምስት ዓመት በፊት የተሳለውን ከመደርደሪያው አወረደና በላዩ አጋደመው። አዲሱ ከአሮጌው በጎኑ አንድ ጣት ያህል ተርፎ ወጣ። ያንን ትርፍ በአውራ ጣቱ ለካው።

ከዚያ ቢላዋውን አነሳ። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የሚበልጠውን ሥራ፣ ያንን እንከን የለሽ ጎን፣ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። ኮቴ ሳታስበው «ተው!» ብላ ጮኸች። አልተወም። ከጠረጴዛው ሥር ያረጀ፣ ቀለሙ የለቀቀ ጥቁር ጫማ አወጣ። የራሱ ነው፤ በዚያች መንደር ሶሉ የወደቀው። ሦስት ቤት ሲቀይር ተሸክሞት የዞረው። ከእሱ ላይ ጣት የሚያህል ቆዳ ቆርጦ ስንጥቁ ላይ ለካው።

ሦስት ቀን አላናገረችውም። ይቅር አላለችውም፤ አምስት ዓመት እንዲህ በቀላሉ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ግን ከሱቁም አልራቀችም። ጥግ ላይ ተቀምጣ ክሩን በሰም ታሽለታለች። እሱ ይሰፋል። ደንበኛ ሲመጣ ሁለቱም ይስቃሉ፣ ደንበኛ ሲሄድ ሁለቱም ዝም።

በአራተኛው ቀን ጫማው አለቀ። አጠለቀችው። ገባ። ቡናማው ጎን ላይ ጥቁር ጠባሳ ያለበት፣ የማያምር ጫማ ሆኗል። ቀኑን አልጻፈበትም፤ የድሮው እንዳለ ነው።

«እንግዲህ ከባሕሩ ትነሻለሽ» አለ፤ ዝምታውን የሰበረው እሱ ነው። ፊቱ ፈካ አለ። «በሦስተኛው ቀን ወንዙ ጋ ስትደርሺ ገመዱን በቀኝ እጅሽ...»

«እሱንማ ሄጄበታለሁ» አለችው።

«መቼ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ፣ በየማታው። ያለኝ ግማሽ ነው፣ አባዬ። የማውቀውን ለምን እሄዳለሁ? በአውቶቡስ እስከ መንደሯ እገባና ከጫማ ሰፊው በር እነሳለሁ። በረዶው ሳይመጣም ተራራውን እሻገራለሁ።»

አባቷ ወስፌውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። የሚሰፋ ነገር አልነበረም። «ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አልነግርሽም፤ አላውቀውም» አለ ቀስ ብሎ።

«ለዚያ እኮ ነው» አለች። ንዴቷ አልበረደም ነበር። ቢሆንም እንዲህ ስታየው አንጀቷን በላት።

የምትነሳ ዕለት ጠዋት ሱቁ በር ላይ ትንሽ ከረጢት ሰጣት፤ ክር፣ ሰም፣ ወስፌ። «ቢበጠስ ራስሽ ስፊው» አለ። «ጫማ ሰፊ ቤት ገብተሽ እንዳትቀመጪ።» ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

«በስልሳኛው ቀን እዚህ ነኝ። ኃላፊዋ ይቆጥራሉ።»

«እኔም እቆጥራለሁ።» ጎንበስ ብሎ ማሰሪያዋን ፈትቶ እንደገና አሰረው፤ የታሰረው ደህና ነበር። እዚያው እንዳጎነበሰ «ኮቴ» አላት።

«አቤት።»

«ሶሉ ቢያልቅም እንዳታስቀይሪው። ጭቃውንም አትጠቢው። እንዳለ አምጪልኝ።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ላየው ነው።»

አባቷ የሰው ሶል ገልብጦ አይቶ «አንቺ ልጅ የምታቅፊው በግራ ጎንሽ ነው» ብሎ ሰው የሚያስደነግጥ ሰው ነው። ዳገት የወጣውን ከቁልቁለቱ፣ አሸዋ የበላውን ከጠጠሩ ይለያል። ኮቴ ከሶሉ ላይ ሊያነብ የፈለገው ምን እንደሆነ ገባት። ትከሻውን ይዛ አስነሳችውና አቀፈችው፤ ከዚያ ሻንጣዋን አዝላ ወጣች።

መንገዱ ገና ሰው አልበዛበትም። ዞራ ባታይም በሩ ላይ ቆሞ እንደሚሰማት ታውቃለች፤ አንዱ ቀለል፣ አንዱ ጠበቅ። እስከ መታጠፊያው ድረስ እንዲሰማው ሁለቱንም ጠበቅ አድርጋ ረገጠች።