ብብት ወሬ አያወጣም

«ኧረ ቁጭ በይ፤ ሰው ምን ይላል?» አለች አክስቷ የሻይ ትሪውን ከእጇ እየተቀበለቻት። «አባቷ የሞተባት ሴት እንዲህ ትሯሯጣለች?»

የልብስ ሰፊው ልጅ ተቀመጠች። የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። ሳሎኑ ጥግ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ስስ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ኩምትር ብሏል። ትናንትም እዚያው ነበር።

አክስቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «እኚህ ሰውዬ ከነገ ወዲያ ልጃቸው ጋ ይሄዳሉ፤ በረዶ አገር። አባትሽ ካፖርት ጀምሮላቸው ነበር። ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ካፖርት ማን ይጠይቃል? ለማዶው ሰፊ ስጪውና ይጨርስላቸው።»

«እስቲ ልየው።»

ሱቁን ከሳሎኑ የሚለየው አንድ በር ነው። ገብታ ዘጋችው። ካፖርቱ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ገበሩ ገብቷል፣ ኮሌታው ቆሟል። እጅጌዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። አንዱን አንስታ ግራ ትከሻው ላይ ያዘችው፤ ልክክ አለ። ሁለተኛውን ወደ ቀኙ ወሰደችው። ክርኑ ወደ ፊት ዞረ። ደግማ ሞከረችው፣ አሁንም ዞረ። ሁለቱም የግራ ነበሩ። ገልብጣ እንዳትሰፋው የጨርቁ ጀርባ ወደ ውጭ ይወጣል።

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ባለፈው ወር በስልክ «ዓይኔ ትንሽ ሰነፈ» ሲላት፣ ሪፖርት እየጻፈች «መነጽር ቀይር አባዬ» ብላ ነበር የዘጋችው። አሁን ያ ጸጸታት። ማዶ ያለው ሰፊ ደግሞ አፉ ለከት የለውም። ካፖርቱን ካየ፣ ሰውየው መጨረሻው ላይ ግራና ቀኝ ጠፍቶት ነበር እያለ ለሰፈሩ ሁሉ ያዳርሰዋል። አርባ ዓመት የሰፋ ሰው በዚህ ሊታወስ ነው።

ስሕተቱን ግን በደንብ ታውቀዋለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ የአንድ መምህር ኮት ላይ ሠርታዋለች፤ የእጅጌውን ልክ ወረቀት ሳትገለብጥ ሁለቴ ቆረጠችበት። አባቷ አይቶ ሳቀ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በይ ነይ እንልቀም» አላት። ከትርፍራፊው አዲስ እጅጌ ሲቆርጡ ጨርቁ በመዳፍ ስፋት አጠረ። ያንን ብብቱ ሥር ቀጠለው። «ይቺን ስፌት የሚያውቃት ብብቱ ብቻ ነው። ብብት ደግሞ ወሬ አያወጣም።» መምህሩ ኮቱን ሲለብስ አባቷ እንደ ልማዱ ትከሻውን በመዳፉ ሁለቴ ጠረግ ጠረግ አድርጎ «በላይህ ይለቅ» አለው፤ ዞር ብሎም ጠቀሳት።

መቀሱን አነሳች። ከተረፈው ጨርቅ የቀኙን እጅጌ ቆረጠች፤ እንደፈራችውም አጠረ። የተሳሳተውን ተርትራ ብብቱ ሥር የሚቀጠል ቁራጭ አወጣችለት። መርፌ ከያዘች ስምንት ዓመት ስላለፋት ሁለቴ ተወጋች። ከዚያ ጣቶቿ ሥራውን ከእሷ በተሻለ እንደሚያስታውሱት አየች፤ ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች። ስምንት ዓመት የጻፈቻቸው ሪፖርቶች የት እንደሚገቡ አታውቅም። ይሄ እጅጌ ግን የት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ብርድ የሚፈሩ ሽማግሌ ቀኝ ክንድ ላይ ነው።

ሳሎን ውስጥ አክስቷ ለጠየቃት ሁሉ «ደክሟት ተኝታለች» ትላለች። የስፌት ማሽኑ መንጣጣት ሲጀምር ወሬው ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ አክስቷን አየ።

«ስትተኛ ታንኮራፋለች» አለች አክስቷ፣ ፊቷ ሳይለወጥ። ለቀስተኛው በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁን ዋጠ።

በማግስቱ ፖስተኛውን ወደ ሱቁ ጠራቻቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ይለኩት። አባዬ ጨርሶት ነበር፤ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው» ብላ ዋሸች።

ሽማግሌው ለበሱት። ክንዳቸውን ዘረጉ፣ አጠፉ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ወደ ቀኝ ብብታቸው ሰደዱና እየዳበሱ ቆሙ።

«ይቺ ስፌት እዚህም አለች?» አሉ። «የአርባ ዓመት ኮቴ ላይም አለች። አባትሽ ገና ሱቁን እንደከፈተ ሁለት ግራ እጅጌ ቆርጦልኝ፣ ጋሼ ሥራዬን እንዳያጠፉብኝ ብሎ ለመነኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ለሰው አልተነፈስኩም።»

አንገቷን ደፋች። «አባዬ... ዓይኑ ደክሞ ነው እንጂ...»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ትናንት ስታንኮራፊ ሰምቼሻለሁ።» እጅጌውን ወደ ብርሃኑ አቅርበው አዩት። «እጅሽ ቁርጥ የሱ ነው። ይቺንም ለሰው አልናገርም።»

የቀረ ክር ከኮሌታቸው ላይ ለቀመች። ከዚያ ትከሻቸውን በመዳፏ ጠረግ አደረገች።

«በላይዎ ይለቅ» አለች።

ሁለተኛውን ጠረጋ ጀምራ መዳፏ ትከሻቸው ላይ ቀረ። ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም፤ አልቅሳ እስክትጨርስ ቆመው ጠበቋት።