ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር

ራሔል ጨርቁን ከስክሪኑ ላይ ያነሳችው በሁለት እጇ ነበር፤ የተኛ ሕፃን እንደሚገለጥ፣ ቀስ ብላ። ጥቁሩ ጨርቅ ልጇ ፍሬአብ ከተቀበረበት ዕለት ጀምሮ እዚያው ነበር። ሐዘን የገባበት ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ በእነ ራሔል ዘንድ ደግሞ እስከ ሙት ዓመቱ ተሸፍኖ ይቆያል። ሙት ዓመቱ ነገ ነው።

ባሏ ኃይለሚካኤል ሪሞቱን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ተርመሰመሰ፤ ድምፁም በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ተንሿሿ።

«ምን ሆነ?» አለች ራሔል።

«ገደሉታ! አናሎጉን ሥርጭት ዘጉት። ነግሬሽ አልነበር?»

ነግሯታል። ለሚዛን ተፈሪ ሰው ሁሉ ነግሯል። ጡረታ እስኪወጣ ታሪክ ያስተማረ፣ ካልተከራከረ ምሳ የማይበላለት ሰው ነው። ሥርጭቱ ወደ ዲጂታል ይዞራል የተባለ ጊዜ በከተማው ስብሰባ ላይ ተነስቶ ጮኋል። «አናሎግ ያለውን ያህል ይሰጥሃል» ብሎ ነበር። «ጉም በወረደ ቀን እንኳ ከነጠብጣቡ መሃል የሰው ፊት ቀስ እያለ ይወጣል። ይሄ ዲጂታል የምትሉት ግን ወይ ሁሉን፣ ወይ ምንም! ተራራ ሥር ለሚኖር ሕዝብ ይሄ ፍርድ ነው?» ስብሰባውን የመሩት ባለሥልጣን ፈገግ ብለው ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ። ያንን ፈገግታ እስከ ዛሬ ይቅር አላለም።

ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ኮምፒውተር የገጣጠመው ፍሬአብ ነው። የአንቴናውን ገመድ የሚቀበል፣ ቲዩነር የሚሉትን ካርድ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሰካበት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚተላለፈውን የገበሬዎች ፕሮግራም ሰው ባይኖርም ራሱ ተነስቶ እንዲቀዳ አደረገው። ፍሬአብ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሸኮ ውስጥ በቡና ማሳ መሃል ቆሞ ስለ ጉንደላ ሲያስረዳ በዚያው ፕሮግራም ላይ ቀርቧል። መጋዝ ይዞ «ያረጀ ቡና ሲቆርጡት ያሳዝናል፤ ካልቆረጡት ግን አያቆጠቁጥም» ሲል፣ አንዲት አሮጊት ከኋላው «የምትቆርጠው የሰው ቡና ስለሆነ ነው!» ብለው እሱን ራሱን አስቀውታል። ራሔል ያንን ቅጂ ስንቴ አስደግማዋለች። «ብቻ አትንቀሉት፤ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ» ይላት ነበር ልጇ። ከዚያ በክረምቱ፣ ከሸኮ ሲመለስ፣ ሞተር ሳይክሉ ጭቃ ላይ ተንሸራተተ።

አልነቀሉትም።

«ነገ የሸኮ ሰዎችም ይመጣሉ» አለች ራሔል ጨርቁን እያጣጠፈች። «ቢያዩት ደስ ይላቸዋል። እኔም ደግሞ... ድምፁ እየጠፋኝ ነው። ፊቱስ ፎቶው ላይ አለ። ድምፁ ነው እየጠፋኝ ያለው፣ ኃይለሚካኤል።»

ኃይለሚካኤል ስልኩን አንስቶ ወደ ሀጂራ ደወለ።

ሀጂራ ከፍሬአብ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተማረች፣ አሁን ቴፒ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያላት ልጅ ናት። በአርባው ማግስት መጥታ «ቲቸር፣ ኮምፒውተሩን ልውሰድና ውስጡ ያለውን ልገልብጥላችሁ» ብላው ነበር። ያን ቀን የጮኸባት ጩኸት ጎረቤት አስወጥቷል። «የልጄ እጅ ያረፈበትን ማንም አይነካውም! ሞቱን ጠብቀሽ ዕቃውን ልትፈቺ መጣሽ?» ሀጂራ እያለቀሰች ሄደች። ዛሬ ግን ስለዚያ ምንም አላነሳችም። «ዲጂታሉን ቲዩነር ይዤ እመጣለሁ» አለችው። «ብቻ እንዳይቆጡኝ።»

ከቀትር በኋላ ደረሰች። ራሔል ጓሮ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ለነገው ዝግጅት ሽር ጉድ ትላለች። ሀጂራ ካቻቢቴዋን አውጥታ የኮምፒውተሩን ሽፋን ፈታች። ውስጡ አቧራ ጠጥቷል፤ ማራገቢያው ግን ይዞራል።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ በርቶ ነበር?»

«አትንቀሉት ብሏላ።»

«ወይ ቲቸር! ከአገሩ ሁሉ ተከራክረው የሚሰሙት የልጅዎን ቃል ብቻ ነው።»

ኃይለሚካኤል ሊስቅ ምንም አልቀረው።

«ካርዱን ከመቀየሬ በፊት የሱን ቅጂ በፍላሽ ላውጣላችሁ» አለች። «ቅጂው ከቲዩነሩ ጋር አይገናኝም፤ ዲስኩ ላይ ነው ያለው።»

ቅዳሜዎቹ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። የመጀመሪያውን ከፈተችው፤ ነጠብጣብ። ቀጣዩን ከፈተችው፤ ነጠብጣብ። እየፈጠነች ወረደች፤ ከዚያ እጇ ቆመ።

«ምንድን ነው?» አላት።

«አናሎጉ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ መቅዳቱን አላቆመም፣ ቲቸር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይሄንኑ ነጠብጣብ ሲቀዳ ከርሟል። ዲስኩ ትንሽ ነው፤ ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ ለአዲሱ ቦታ እንዲለቅ ነው የተደረገው። ፍሬአብ ነው እንደዚያ ያደረገው። እየተከታተለ የሚያየው ሰው ቢኖር ችግር አልነበረውም...»

«አውጪው። ከገባበት አውጪው!»

«በላዩ ተቀድቶበታል።»

«ጣቢያው ዘንድ ይኖራል!»

«ፍሬአብ ያኔውኑ ጠይቋቸዋል። ቅጂ አናስቀምጥም ነው ያሉት።»

ኃይለሚካኤል ብድግ አለ። የሚቆጣበት ሰው ፈለገ። ጣቢያውን አሰበ፤ ፈገግ ያሉትን ባለሥልጣን አሰበ፤ ደሙ እንደ ልማዱ ወደ ግንባሩ ወጣ። ዞር ሲል ሀጂራን አየ። ሊጮህባት ነው ብላ ትከሻዋን ሰብስባ አቀርቅራለች። በአርባው ማግስትም እንዲሁ ነበር የቆመችው፤ እዚሁ፣ ከተሸፈነው ስክሪን ፊት።

ተመልሶ ተቀመጠ።

«ያን ጊዜ ብትወስጂው ኖሮ...» አለ።

ሀጂራ አሮጌውን ካርድ ነቅላ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና አዲሱን መሰካት ጀመረች። ካርዱ ገና ይሞቃል። መዳፉ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ተሰማው።

ስክሪኑ ላይ አንዲት ዜና አንባቢ ብቅ አለች፤ ጥርት ያለች፣ መስኮት ላይ የቆመች የምትመስል።

«የቀዳውን ነጠብጣብ ላጥፋው?» አለች ሀጂራ በዝግታ። «ዲስኩን ይዞታል።»

«ተይው።»

ራሔል እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። «እሰይ!» አለች። «የሴትዮዋ ጉትቻ ሳይቀር ይታያል እኮ! ሀጂራዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ይሄ የኔ ሰውዬ ዲጂታል ሞት ነው ሲል ከርሞ!» ፊት ለፊት ተቀመጠችና እንግዳ ደጅ እንደደረሰባት ነጠላዋን አስተካከለች። «በል፣ አሁን ልጄን ክፈትልኝ።»

ሀጂራ ካቻቢቴዋን ፍለጋ ጎንበስ አለች። ካቻቢቴው እጇ ላይ ነበር።

ኃይለሚካኤል አፉን ከፈተ። ለስብሰባ፣ ለባለሥልጣን፣ ለጎረቤት ጠፍቶት የማያውቀው ቃል አልመጣም። ጣቱ ሪሞቱን ተጫነ። ዜና አንባቢዋ ጠፋች፤ ከአንዱ ቅዳሜ የተቀዳው ነጠብጣብ ስክሪኑን ሞላው።

ራሔል አልደነገጠችም። ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች።

«ድሮም እንዲህ ነበር» አለች። «ጉም ሲሆን መጀመሪያ ይሄ ነው የሚመጣው። ከዚያ ቀስ ብሎ ሰው ይወጣል።»

ኃይለሚካኤል ከጎኗ ተቀመጠ። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ ድምፁን እንዲጨምርላት በእጇ ምልክት ሰጠችው። ጨመረላት።