አክስቴን አልፎ የሄደው ሰሌዳ

የአክስቴ ቤት ከባሕሩ ሩቅ ነበር። ድሮ ውሃው ዘንድ ለመድረስ ስንቅ ይያዝ ነበር ብል አታምኑኝም፤ አትመኑኝ። መሃል ላይ ተራራ የሚያክል አሸዋ ነበር፣ ማዕበሉን ያቆመላትም እሱ ነው። ይህቺን ግን እመኑኝ።

አሸዋው በሕግ የተጠበቀ ነው። ሕጉ ቆርቆሮ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፦ «ከዚህ ሰሌዳ እስከ ውሃው ድረስ አሸዋ መዛቅም ሆነ ቤት መሥራት ያስቀጣል።» ጠባቂው የአክስቴ ልጅ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከፊሽካ በቀር ምንም ስላልሰጠው ስሙ ፊሽካው ሆኖ ቀረ።

ገልባጭ መኪኖቹ በጠራራ ፀሐይ ይመጣሉ። ፊሽካው ይነፋል፤ ሾፌሮቹ በክላክስ ይመልሱለታል። አንዱማ «ዛሬ ዜማህ ተሻሽሏል» ብሎታል። ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ ድረሱልኝ ሲል፣

«መኪና የለንም። ሰሌዳው ቆሟል?»

«ቆሟል።»

«በቃ፣ ጎበዝ።»

ለፎቶ ግን መኪና አያጡም። ተቆጣጣሪው ይመጣና ሳይወርድ፣ በመስኮት ሰሌዳውን ፎቶ አንስቶ እብስ ይላል። ሰሌዳው ወድቆ ከተገኘ ፊሽካው እንጀራው ተዘጋ። ስለዚህ ዛቂዎቹ ሥሩን በቦረቦሩት ቁጥር ነቅሎ ከባሕሩ ወደ ኋላ፣ ጠንከር ያለ መሬት ላይ ይተክለዋል። ደግሞ ይዝቃሉ፤ ደግሞ ይተክላል። እኔም «ሰሌዳህ ዛሬ የት ደረሰ?» እያልኩ እስቅበት ነበር። የባሕር ኤሊዎቹ እንኳ አሸዋ አጥተው አንዷ ጫማዬ ውስጥ እንቁላሏን ጥላለች።

በመጨረሻ ማዕበሉ የአክስቴን ግድግዳ መላስ ሲጀምር ሰሌዳው ከቤቷ ጀርባ ተተከለ።

«ልጄ፣ ይሄን ከኋላዬ ምን ሊሠራልኝ ገተርከው?»

«ሌላ ደህና መሬት የለም፣ እማዬ። ፎቶውን እስኪያነሱ ነው።»

ተቆጣጣሪው መጣ። ያን ቀን ወረደ። ሰሌዳውን አየ፣ ባሕሩን አየ፣ መሃል ላይ ያለውን ቤት አየ።

«ይሄ የማነው?»

«የእናቴ ነው፣ አለቃ።»

«የተከለከለው ክልል ውስጥ ነው የተሠራው።»

ፊሽካው ሰሌዳውን ነቅያለሁ ቢል ሥራው ሊሄድ፣ ዝም ቢል ቤቱ። ዝም አለ። እኔ አልቻልኩም።

«ጌታዬ፣ ቤቱ ከተሠራ ስንት ዘመኑ ነው። ሰሌዳው ነው እየተራመደ የመጣው።»

አሸዋ የሚጭነው ሾፌር ከመኪናው ላይ ሳቀ። «እሱን ይሰሙታል እንዴ? ኤሊ ጫማዬ ውስጥ ወለደች የሚል ሰው እኮ ነው።»

ተቆጣጣሪውም ሳቀ። በሕይወቴ እውነት ተናግሬ ሰው ያሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

መኪና የሌለው መሥሪያ ቤት ዶዘር አገኘ። አክስቴ አልጋዋን አውጥታ ሰሌዳው ሥር ተቀመጠች። ፍርስራሹን የጫነው ያው ገልባጭ ነው፤ ከቤቱ ሥር አሸዋም ዛቀበት።

«በል ንፋው እንጂ፣ ልጄ» አለችው አክስቴ። «ሥራህ አይደል?»

ነፋው።

ሾፌሩ በክላክስ መለሰለት።